በባትሪ የሚሠራ መልቲ ቱል ለቤት እድሳት፦ የቱን ልግዛ?

ጥያቄውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የውይይቱ ክር ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከመሀል አንብበው ጠብ ስለሚጀምሩ፣ ጥያቄዬን እዚህ ደግሜ፣ የተሰጡትን ምላሾች እንደየቁጥራቸው በራሴ ቃል አስቀምጣለሁ። ያሳጠርኩት ሰው ቅር እንዳይሰኝብኝ።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤቴን እያደስኩ ነው። ሴራሚክ አንጣፊው ሳሎኑን ጨርሶ የመኝታ ቤቶቹ በር ጋ ሲደርስ ቆመ። ሴራሚኩን በመቃኑ ቅርጽ እየሸረፈ ቢያስገባው በዙሪያው የሚቀረው ክፍተት በሲሚንቶ ተለቅልቆ ዕድሜ ልኬን ሲያስጠላኝ እንደሚኖር ነገረኝ። የመቃኖቹን እግር በሴራሚኩ ውፍረት ልክ ካስቆረጥኩለት ግን ከሥር ገፍቶ ያስገባዋል። በእጅ መጋዝ ሞከርን፤ እጀታው ወለሉን እየነካ መጋዙ ጋደም ሊል አልቻለም። በዚያ ላይ አግሮስቶኑ ግድግዳ ላይ ሁለት የሶኬት ቀዳዳ እፈልጋለሁ፤ በመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚኮች መካከል ያለው ሲሚንቶም ተፈርፍሮ መውጣት አለበት፤ ከታች ያሉት ጎረቤቴ ውኃ ወረደብኝ ካሉ ሁለተኛ ወራቸው ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሆነው መልቲ ቱል የሚባለው መሣሪያ እንደሆነ ተነገረኝ። ምላጩ እንደ ክብ መጋዝ አይሽከረከርም፤ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ በምትሆን ጠባብ መንገድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ በደቂቃ እስከ 20,000 ጊዜ ይንዘፈዘፋል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አራት ዓይነት አሳዩኝ፦ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 20፣ ባለ 21፣ አራተኛው ደግሞ ባትሪው ላይ በትልቁ 48 ቪኤፍ የተባለበት። ከሦስቱ ባለ ብዙ ቮልቶች ርካሹ ባለ 48ቱ ሆኖ አገኘሁት። ጉልበተኛው ርካሽ ከሆነ ሌላውን ማን ይገዛዋል? መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ እንዳይቆምብኝ በባትሪ የሚሠራ መሆኑ የግድ ነው።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከአንድ ትልቅ ሰው ነው፤ አጻጻፋቸው ያስታውቃል። ቤቱን የሰላምና የበረከት ያድርግልሽ ብለው ከመረቁኝ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቃኑ እንጨት ነው ወይስ ላሜራ? ይህ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ከንቱ እንደሆነ አሳሰቡ። እንጨት መሆኑን ነገርኳቸው።

ምላሽ 2 እና 3። ሁለተኛው ሰው ነገሩን በሁለት መስመር ጨረሰው፤ ማሽኑ ያለው አናጢ ለግማሽ ቀን ልቅጠርና ልገላገል። ሦስተኛው ተስማምቶ፣ የከተማችን ሰው ማሽን እየገዛ አልጋ ሥር የሚያስቀምጥ መሆኑን ጨመረበት። አልጋዬ ሥር ስላለው የስፌት መኪና ማን እንደነገረው አላውቅም።

ምላሽ 4። ክሩን ክር ያደረገው ይህ ነው። ጸሐፊው ቡራዩ ውስጥ የሞቱ የድሪል ባትሪዎችን እየከፈተ የሚጠግን ወጣት ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚመስል፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የሊትየም ድንጋይ እንደሆነ አስረዳ። አንዱ ድንጋይ በመደበኛው 3.6 ቮልት ነው፤ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። አምስቱ ሲቀጣጠሉ በመደበኛው 18፣ ሲሞሉ 21 ይሆናሉ። ስለዚህ ባለ 18፣ ባለ 20 እና ባለ 21 የሚባሉት አንድ ዓይነት ባትሪዎች ናቸው፤ አንዱ አምራች በሥራ ላይ ያለውን ይጽፋል፣ ሌላው ከቻርጀር እንደወጣ ያለውን። ባለ 12ቱም እንዲሁ የሦስት ድንጋይ ነገር ነው፤ መደበኛው 10.8 ነው።

ወደ 48ቱ ሲመጣ ብዕሩ ሰላ። እውነተኛ 48 ቮልት 13 ድንጋይ በተከታታይ ይፈልጋል፤ ያቺ ሳጥን ደግሞ 13 አትይዝም። ከፍቶ ያያት አምስት ነበራት። ከቮልቱ ምልክት ጎን የተለጠፈችው ኤፍ የምትባለው ፊደል ቁጥሩ ቮልት እንዳልሆነ በኋላ ለመከራከሪያ የተቀመጠች ናት ባይ ነው። በትልቁ የተጻፈውን ቮልት ትቼ አምፒር ሰዓቱን (ባትሪው የሚይዘውን መጠን) እንዳይ፣ እሱንም ከመደበኛው ቮልት ጋር እንዳባዛ መከረኝ፤ 18 ቮልት በ4 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 72 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ ባትሪን ከባትሪ ማወዳደር የሚቻለው በዚህ ነው።

ምላሽ 5። ከሰበታ ነው። ባለ 48ቱን ከገዛ ስድስት ወሩ እንደሆነና እንደ አንበሳ እንደሚሠራለት ገለጸ። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ የቡራዩን ልጅ እርስዎ ይለዋል፤ ሁለተኛው ላይ አንተ ሆነ፤ ሦስተኛው ላይ ባትሪ ጠጋኝ ስለ አዲስ ባትሪ ክፉ ባይናገር ምን ይበላል የሚል መንፈስ አለው።

ምላሽ 6። የቡራዩው አልተቆጣም። ሳጥኑን መክፈት ሳያስፈልግ ጎረቤት ካለ ሱቅ የበርበሬ ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጠው ለመነው። አንዱ ድንጋይ 45 ግራም ገደማ ነው። ባለ አምስት ድንጋይ ባትሪ ከነልብሱ 400 ግራም አካባቢ ነው፤ አሥር ድንጋይ ያለው ግን ከ600 ያልፋል።

ምላሽ 7 ለሁለቱም አስታራቂ ልሁን ያለ ሰው ነው፤ ማንንም አላስታረቀም።

ምላሽ 8። ጀርመን ሀገር የሚኖር ወንድማችን ጨዋታውን ወደ ምላጩ ማሰሪያ ወሰደው። የጀርመን መሣሪያ አምራቾቹ ቦሽና ፌይን እ.ኤ.አ. በ2016 ስታርሎክ የሚባል የጋራ ማሰሪያ አወጡ። የምላጩ መሀል እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጎድጎድ ያለ ኮከብ ነው፤ ያለ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ አይንሸራተትም። ሦስት ደረጃ አለው፤ ስታርሎክ፣ ስታርሎክ ፕላስና ስታርሎክ ማክስ። ከፍ ያለው ማሽን የዝቅተኛውን ምላጭ ይቀበላል፤ ዝቅተኛው ማሽን የከፍተኛውን አይቀበልም። ከዚህ ውጭ ያለውን እንዳልነካ መከረኝ።

ምላሽ 9 እና 10። ዘጠነኛው 2016ን በእኛ አቆጣጠር አንብቦት፣ ገና ትናንት በወጣ ነገር ገንዘቤን እንዳላባክን አስጠነቀቀ። አሥረኛው አረመው፤ በእኛ 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ምላሽ 11። ከሰበታ ያለው ሰው ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰ። ባትሪውን አስመዝኖታል፤ 385 ግራም። ድንጋዮቹ አምስት መሆናቸውን አመነ፣ ለቡራዩውም ይቅርታ ጠየቀ፣ እርስዎም ተመለሰ። ነገር ግን ማሽኑ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን ሙሉ ቆርጦለታልና በማሽኑ እንደማያፍር አስመዘገበ። ይህን ሰው ወደድኩት።

ምላሽ 12። ለገጣፎ ያለ አናጢ ነው፤ ልብ ብዬ ያነበብኩት የእሱን ነው። ስምንተኛውን በአክብሮት ተቃወመ። ስታርሎክ ጥሩ መሆኑን አልካደም፤ ግን መርካቶ ውስጥ እሱ በዞረባቸው ሱቆች በብዛት የሚገኘው መሀሉ ቀዳዳ ያለበት ጠፍጣፋ ምላጭ ነው፤ ያ ደግሞ ስታርሎክ ላይ አይገጥምም። ማሽኑ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ምላጩ በየሳምንቱ ያልቃል። ስለዚህ አስቀድሜ ምላጩን ፈልጌ፣ ባገኘሁት ምላጭ ልክ ማሽን እንድገዛ መከረኝ። እኔ ሴራሚኩን የገዛሁት ወለሉን ለክቼ ነበር፤ ማሽኑን ግን ከቀለሙ ጀምሬ ነበር የማየው።

ቀጥሎ የምላጮቹን ጠባይ አስረዳ። ለእንጨት ብቻ የተሠራው የብረት ምላጭ ርካሽና ፈጣን ነው፤ አንድ ሚስማር ሲያገኝ ግን ጥርሱ አለቀ። ባይሜታል የሚባለው ጥርሱ ከጠንካራ ብረት፣ ጀርባው ከሚተጣጠፍ ብረት የተበየደ ስለሆነ ሚስማር ያለበትን እንጨት ይችላል። ጠንካራ ብሎን ካጋጠመ የካርባይድ (ከብረት የሚጠነክር ቅይጥ) ጥርስ ያስፈልጋል። አግሮስቶን ለስላሳ ይመስላል፤ ውስጡ ፋይበር ግላስ ስላለ የተራ ምላጭ ጥርስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል፤ ለእሱም ካርባይድ። በሴራሚክ መካከል ያለውን ሲሚንቶ ለማውጣት ጥርስ የሌለው፣ ጠርዙ በካርባይድ ወይም በአልማዝ ፍርፋሪ የተሸፈነ የግማሽ ጨረቃ ምላጭ አለ፤ ውፍረቱ ከመገጣጠሚያው ስፋት ካለፈ ግን ሴራሚኩን ይበላዋል። ብሎኬት ለመቁረጥ ካሰብኩ ነገሩን እርግፍ አድርጌ ግራይንደር እንድለምን ነገረኝ።

ከዚያም የመቃኑ ነገር። ትርፍ ሴራሚክ ቁራጭ መቃኑ አጠገብ ባዶው ወለል ላይ ይጋደማል። ከሥሩ የማጣበቂያውን ውፍረት የሚያህል ካርቶን ይገባል፤ ይህን ካርቶን የረሳ ሰው ሴራሚኩን በመዶሻ ሊያስገባ ሲታገል እንደሚውል ከራሱ ደርሶበት ጽፏል። ምላጩ በሴራሚኩ ጀርባ ላይ ጠፍ ብሎ ይተኛል፤ እጅ ከፍ ዝቅ እንዳይል ሴራሚኩ ራሱ ይመራዋል። ማሽኑ መጀመሪያ ይነሣል፣ ከዚያ ምላጩ እንጨቱን ይነካል፤ በተቃራኒው ከሆነ ይዘላል። አይገፋም፤ ትንሽ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ብናኙን ካላወጣ ምላጩ ይግላል፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ የቃጠሎ ሽታ ይመጣል። ሽታው ከመጣ ፍጥነቱን ቀንሶ ማረፍ ነው።

ስለ ማሽኑም ሁለት ነገር ተናገረ። ካርቦን የሌለው (ብራሽለስ የሚባለው) ሞተር በአንድ ቻርጅ ረዘም ያለ ይሠራል፤ ለአራት መቃን ብዬ ግን ብዙ እንዳልጨምርበት። የመወዛወዣው ዲግሪ ሰፋ ሲል ይፈጥናል፣ እጅንም ያደነዝዛል።

ምላሽ 13። አንዲት እህት ዘመዷ ከአሜሪካ የላከላትን ሙሉ ስብስብ ከሳጥኑ አውጥታ ቻርጀሩን ስትሰካ፣ ጧ ብሎ ነጭ ጭስ እንደወጣ ተረከችልን። እዚያ 120 ቮልት ነው፤ እኛ ጋ 220። ሌሊቱን ሙሉ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሲሸት አደረ። ከአውሮፓ ቢመጣ ኖሮ ችግር አልነበረም። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ 100-240 የሚል ከሌለ ትራንስፎርመር ሳይኖር እንዳይሰካ ነው ምክሯ። ሴትዮዋ ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክት ነው ያደረገችው፤ አይፈረድባትም።

ምላሽ 14። ለአሥራ ሦስተኛዋ በማዘን ጀምሮ፣ ከውጭ የሚያስመጡ ሰዎች ትርፍ ባትሪውን በሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንዳያደርጉ አስታወሰ። የሊትየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ። በአራተኛው ምላሽ ሒሳብ፣ ባለ 5 አምፒር ሰዓቱ 90 ስለሆነ ያልፋል፣ ባለ 6ቱ 108 ስለሆነ ያስጠይቃል።

ምላሽ 15፣ 16 እና 17። እዚህ ጋ ከመንገድ ወጣን፤ ግን መውጣታችን ጠቀመን። አሥራ አምስተኛው ይህን መሣሪያ የፈጠረው ፌይን የተባለው የጀርመን ኩባንያ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የአጥንት ስብራት ጀሶ ለመቁረጥ እንደሠራው ጻፈ። አሥራ ስድስተኛዋ በአጥንት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት፤ አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሆመር ስትራይከር በ1940ዎቹ በሚንዘፈዘፍ ምላጭ የሚሠራ የጀሶ መቁረጫ እንደሠራ በመጥቀስ አረመችው። የጀሶው መጋዝ ቆዳ የማይቆርጠው ለምን እንደሆነም ነገረችን፤ ጀሶ ደረቅ ነው፣ ቆሞ ይቆረጣል፤ ቆዳ ግን ለስላሳ ስለሆነ ከምላጩ ጋር አብሮ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቢሆንም ምላጩ ከጋለ ያቃጥላል።

አንድ ሰው ይህን አንብቦ ቤቱ ያለውን መልቲ ቱል ጣቱ ላይ ሊሞክር እንደሆነ በቀልድ መልክ ሲጽፍ፣ አሥራ ሰባተኛው ቱግ አለ። የእንጨት ምላጭ ጥርሱ ሹልና የተዘረጋ ነው፤ ሥጋም ጅማትም ይቆርጣል። የጀሶ ምላጭና የእንጨት ምላጭ አንድ አይደሉም። በቁጣ የተጻፈ ቢሆንም ከክሩ ሁሉ በቅድሚያ መነበብ ያለበት ይህ ይመስለኛል። መነጽር፣ ለአቧራውም የአፍና አፍንጫ ጭምብል እንዲጨመር ነርሷ ከሥር አከለች።

ምላሽ 18 እና 19። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ባትሪ ማሽን እዚህ ጉልበት ያጣል የሚል መጣ። ወዲያው ታረመ። ከፍታ ጉልበት የሚቀንሰው አየር ስቦ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ላይ ነው፤ ቤንዚን ጄኔሬተር ለየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ባትሪ አየር አይስብም።

ምላሽ 20። ጀሞ ያለ የግንባታ መሐንዲስ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። የመታጠቢያ ቤቱን የሴራሚክ ሲሚንቶ ቆፍሬ ብቀይር ውኃው ላይቆም ይችላል፤ ውኃ የሚያቆመው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው መከላከያ ነው፤ ሲሚንቶው ብቻውን ውኃ ያሳልፋል። ምላጭ ከማንሣቴ በፊት የወለሉን ውኃ መውረጃ በላስቲክ ደፍኜ፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ሞልቼ 24 ሰዓት እንድጠብቅ አዘዘኝ። ታች የሚንጠባጠብ ከሆነ ችግሩ ወለሉ ነው፤ ካልሆነ ቧንቧው ወይም የመውረጃው ዙሪያ ነው።

ከ21 እስከ 25 ያሉት ማን ይክፈል የሚል የላይና የታች ጎረቤት ሙግት ናቸው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ብሎክ ላይ እንደሚኖሩ የተጠራጠርኩት ስለ አንድ ደረጃ መብራት ሁለቱም ሲያነሡ ነው። አልፌዋለሁ።

ምላሽ 26። የመጀመሪያው መልስ ሰጪ አባት ተመለሱ። ሁሉንም እንዳነበቡ፣ ብዙ እንደተማሩ ጽፈው ሌላ ጥያቄ ጨመሩ፤ በቤተሰቡ ውስጥ ባለ ባትሪ ድሪል ያለው ሰው የለም? ወንድሜ አለው! ባለ 18 ቮልት፣ ሁለት ባትሪ ያለው። እንግዲያው ያንኑ ባትሪ የሚቀበለውን ማሽን፣ ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር፣ ቀፎውን ብቻ እንድገዛ አሉኝ። ሃያ አምስት ምላሽ ስንጠብቀው የነበረው መልስ በአንድ ጥያቄ መጣ።

ምላሽ 27 የእኔው ነው። ቀፎውን ገዛሁ፤ ጠፍጣፋ ምላጭ የሚቀበለውን። ሁለት ባይሜታል፣ አንድ ካርባይድ፣ አንድ ግማሽ ጨረቃ ጨመርኩ። ቅዳሜ ጠዋት በለገጣፎው አናጢ መንገድ ጀመርን፤ ካርቶኑን አልረሳሁም። የመጀመሪያው መቃን አንድ እግር ጥቂት ደቂቃ ፈጀ፤ ቁራጩ እንደ ዳቦ ቁራሽ ተነሥቶ ወደቀ። አንጣፊው ሴራሚኩን ገፋ አድርጎ ሲያስገባው ከመቃኑ ሥር ጥፍር የሚያስገባ ቦታ አልቀረም። ሦስተኛው መቃን ላይ ሚስማር ነበር፤ ጢስ ወጣ፣ ባይሜታሉም ሚስማሩን አለፈው። የመታጠቢያ ቤቱን ምላጭ እስካሁን አልነካሁትም፤ በመሐንዲሱ ትእዛዝ ውኃ ሞልቼ ጠብቄ ታች ጠብታ አልወረደም፤ ቧንቧ ሠሪ እየፈለግኩ ነው።

ምላሽ 28 እና 29 ዋጋ ጠየቁ፣ መለሱም። ሃያ ዘጠነኛው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬን ዋጋ ለነገ መጻፍ ሰው ማሳሳት ነው ብሎ ያምናል። እኔም ስለዚህ አልጻፍኩም።

ምላሽ 30። በብሎካችን ያለች እህት፣ እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት ገዝቶ ለአባላቱ ካዋሰ፣ መልቲ ቱልና ድሪል ገዝቶ ቢያዋስ ምን ይከፋል ስትል ጠየቀች። አዲስ የተረከበ ሁሉ መቃን ይቆርጣል፣ ከዚያ ማሽኑ ሥራ ፈት ነው። ሦስተኛው፣ ያ የአልጋ ሥር ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጋና ጻፈ።

ምላሽ 31 ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰበት። ድስት ቢታጠብ ይመለሳል፤ ምላጭ ግን የደነዘዘው ማን እጅ ላይ እንደሆነ ማን ያውቃል? አንዱ ሚስማር ላይ ፈጅቶት ለሌላው ያስረክባል፣ ከዚያ በእድር ስብሰባ ላይ ጠብ ነው።

ምላሽ 32። የቡራዩው ባትሪ ጠጋኝ መፍትሔ አመጣ። ማሽኑ የእድር፣ ምላጩ የየራስ። ባትሪው ደግሞ ሥራ ሲፈታ ጢም ብሎ ተሞልቶም ባዶውንም መቀመጥ የለበትም፤ በግማሽ ቻርጅ፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ ይቀመጥ። የእድሩ ሊቀ መንበር በሐሳቡ ተስማምተዋል፤ ጸሐፊው የባትሪ ጠባቂ አልሆንም ብለዋል፤ ባትሪው በማን ቤት ይደር የሚለው ለወሩ ስብሰባ ተላልፏል።